ተመላሿ ባቡር ነጂ

ጠያቂው ያን ቀን የጠየቃት ገብስ እያመሰች ሳለ ነው።

«ኤልዳና ሽመልስ፣ ከዚህ በፊት በየትኛውም አገር ድንበር ላይ ከመግባት ተከልክለው ያውቃሉ?»

«አዎ» አለች፣ ዓይኗን ከብረት ምጣዱ ሳታነሳ።

«ምክንያቱን በራስዎ አነጋገር ያስረዱ።»

አስረዳች። ትናንትም አስረድታ ነበር። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ገላዋን እየታጠበች ሳለ ጠይቋት፣ ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት በበሩ ቀዳዳ በኩል እየጮኸች አስረድታለች። ጠያቂው ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የማይበልጥ ነጭ ክብ ነገር ነው። ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም ይባላል። ቪዛ የጠየቀ ሰው ሁሉ ማመልከቻው እስኪወሰን ድረስ ከሱ ጋር ይኖራል። ድሮ ሰው ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ፣ ለአፍታ ተጠይቆ፣ ወይ ተሰጥቶት ወይ ተከልክሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር አሉ። በዚያም ያማርሩ ነበር። ምን አዩ እነሱ! አሁን ቤቱ ራሱ ኤምባሲ ሆኗል። ወጥ ሲሠራ፣ ሲጸለይ፣ ከጎረቤት ጋር ሲወራ ጠያቂው ይሰማል፤ ሲያሻው ይጠይቃል። መልሱ ከባለፈው ከተለየ ያስተውላል፤ ምንም ሳይለይ ቢደገም ደግሞ «የተሸመደደ» ብሎ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይችለዋል?

ኤልዳና ችላዋለች። ስትችለው ግን እየነደደች ነው።

ኮምቦልቻ ተወልዳ ኮምቦልቻ ያረጀች ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ያህል ከኮምቦልቻ አዋሽ ባቡር ነድታለች። ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ መሄድና መመለስ። በክረምት ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦት ከሚሴ ላይ ባደረችበት ጊዜ እንኳ፣ መስመሩ እንደተጠገነ ከማንም ቀድማ ተነስታ ባቡሯን ይዛ ገብታለች። የከሚሴ ነጋዴዎች የእሷን ባቡር ድምፅ ሲሰሙ «ኤልዳና ተመለሰች፣ መሽቷል ማለት ነው» ብለው ዕቃቸውን ያነሱ ነበር። እንግዲህ ይህቺን ሴት ነው ባሕር ማዶ ያሉት አስራ አራቱ ሀብታም አገሮች «ከሄደች አትመለስም» የሚሏት።

ነገሩ የተጀመረው ገና በወጣትነቷ፣ አዲሱ ባቡር ሲገባ ነው። ድርጅቱ ኤልዳናንና ሁለት ጓደኞቿን፣ ናሆምንና ኪሩቤልን፣ ለስልጠና ወደ ቬስትማር ላካቸው። ቬስትማር ከአስራ አራቱ አገሮች በአንደኛው ያለች ብርዳም የወደብ ከተማ ናት። ግብዣው፣ ትኬቱ፣ ቪዛው፣ ሁሉም ተሟልቶ ነበር። ቪዛ ግን የሚያደርሰው እስከ በር ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ያኔ ገና ሰው ነበር የሚቀመጠው።

«ስልጠናው ሲያልቅ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ?» አላት ሰውየው በአስተርጓሚ መሣሪያ።

«እግዜር ካለ» አለች ኤልዳና።

ሰውየው መሣሪያውን አየ፣ እሷን አየ። «ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም?»

«እመለሳለሁ እንጂ፣ እሱ ካለ።»

አባቷ ሽመልስ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በእነሱ ቤት «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ዝም ማለት ነውር ነው። መንገድ ነው፤ መንገደኛ ምን እንደሚያገኘው አያውቅም። ሽመልስ አንዳንድ ቀን ቸኩሎ «እመጣለሁ» ብቻ ብሎ ሲወጣ እናቷ እስከ መኪናው ድረስ ተከትላው ትሮጥና «ጨርሰው እንጂ አንተ ሰው!» ትለው ነበር። እሱም የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ «እግዜር ካለ» ይላል፤ ያን ጊዜ እናቷ ወደ ቤት ትገባለች። ኤልዳና በዚህ ቤት ነው ያደገችው። ለእሷ «እመለሳለሁ» ያለ «እግዜር ካለ» ጉራ ነው፤ ጉራ ደግሞ ቃል አይሆንም። ለዚያ ሰውዬ የሰጠችው የምታውቀውን ትልቁን ቃል ነበር።

ሰውየው ይኼን ከየት ይወቀው? ሊጠይቅ ግን ይችል ነበር። አልጠየቀም። «የመመለስ ሐሳቧ ያልተረጋገጠ» ብሎ መዘገበና በመጣችበት አውሮፕላን አሳፈራት። ናሆምና ኪሩቤል «አዎ፣ እንመለሳለን» አሉ፤ ገቡ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ናሆም እንዲያውም እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸምግሏል። ከሦስቱ አገሯ የገባችው «አትመለስም» የተባለችው ብቻ ናት።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ክልከላ፣ አንድ የተበላሸ ጉዞ፣ ተረስቶ የሚቀር። አላበቃም። ወንድሟ በሰው አገር ሲያገባ ሌላውን አገር ጠየቀች። «ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?» «አዎ።» ተከለከለች። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ከዚህ በፊት መከልከሏ። ወገቧን ልትታከም ሦስተኛውን አገር ስትጠይቅ ደግሞ ሁለቴ መከልከሏ ምክንያት ሆነ። ማንም ቢሆን ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያውን «ለመሆኑ ይህቺ ሴት ምን አድርጋ ነበር?» ብሎ አላየም። ለምን ይየው? ቁጥሩ ይበቃዋል። ከዚያ አስራ አራቱ አገሮች ማስታወሻቸውን አንድ ላይ አደረጉት፤ አንዱ የከለከለው ሰው የሁሉም ክልክል ሆነ። እሷ የወለደችው አንዲት ልጅ ነው፤ ክልከላዋ ግን እንደ ጥንቸል ተራባ።

እንዲህ ያለውን ሰው «ተመላሽ» ይሉታል። ተመላሽነት መጀመሪያ የድንበር ጉዳይ ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ ከተማ ገባ። የፋብሪካው መንደር በር፣ የሆስፒታሉ አዲሱ ክፍል፣ የአዲስ አበባው ፈጣን አውቶብስ የፊት ወንበር ሳይቀር «ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?» ይላሉ። ያወጀው ሰው የለም። እንዲያው አንዱ ሲጠይቅ ሌላውም ጠየቀ። ኤልዳና አውቶብስ ስትሳፈር ሳትጠየቅ ወደ ኋላ ወንበር መሄድ ከለመደች ቆይታለች፤ ይህንን ማድረጓን ያስተዋለች ቀን ግን እስከ ደሴ ድረስ ስታለቅስ ሄደች።

እሷ ለራሷ ቢሆን ቪዛ የሚባል ነገር ዳግመኛ አትጠይቅም ነበር። የጠየቀችው ለፍኖት ነው።

ፍኖት አንድ ልጇ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቬስትማር የገባችው ያኔ የእናት ክልከላ ለልጅ ስለማይተላለፍ ነው፤ አሁን ይተላለፋል። እዚያ የአረጋውያን ቤት ትሠራለች። የሰው እናት ታጥባለች፣ የሰው እናት ታጎርሳለች፣ የሰው እናት እጇን ይዛ ታስተኛለች። አሁን አርግዛለች፤ የልጁ አባት ወሬውን በሰማ ሳምንት ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። የበኩር ልጇ ነው እንግዲህ። በኮምቦልቻ የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ታርሳታለች፤ ገንፎ ታገነፋላታለች፣ ወገቧን ታሽላታለች፣ ሕፃኑን ተቀብላ እንቅልፍ እንድትተኛ ታደርጋታለች። እናት በሕይወት እያለች ሌላ ሰው ካረሳት፣ ያ ለሁለቱም የማይረሳ ነገር ነው። ኤልዳና የጠየቀችው ለአንድ አራስነት ያህል ብቻ ገብታ እንድትወጣ ነው። ገብሱም ለዚሁ ነው የሚታመሰው።

ማመልከቻውን በማስገባት የረዳት ሰዒድ ይማም ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዞ ሰውን መልስ ያለማምዳል፤ ሥራው ይኸው ነው፣ ሰው ከጠያቂው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማስተማር። ደንበኞቹ ግማሾቹ «እግዜር ካለ»፣ ግማሾቹ «ኢንሻአላህ» ብለው የተመለሱ የወሎ ሰዎች ናቸው። በዚህስ አድልዎ የለም፤ ሁለቱንም እኩል ነው የከለከሉት።

«እትዬ ኤልዳና፣ አሁን የሚጎዳዎት የድሮው ክልከላ አይደለም» አላት ሰዒድ፣ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። «ማብራሪያዎ ነው። ሁልጊዜ ‹ያኔም እመለስ ነበር፣ አልገባቸውም እንጂ› ይላሉ። እንዲህ ካሉ ከያኔ እስከ አሁን ምንም አልተለወጠም ማለት ነው። እነሱ ደግሞ የሚሰሙት ‹ምን ተለወጠ?› የሚለውን ብቻ ነው።»

«ምን ይለወጥ? ያኔም እመለስ ነበር፣ ዛሬም እመለሳለሁ።»

«አዩ፣ ይኼው ነው ችግሩ። እንዲህ ይበሉ፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ለመቅረት አስቤ ነበር፣ ተሳስቼ ነበር። ዛሬ ግን ቤት አለኝ፣ ጡረታ አለኝ፣ ስለዚህ እመለሳለሁ። ይኼ ለውጥ ነው። ይኼንን ይቀበሉታል።»

ኤልዳና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ፊቷ ቀላ።

«እንዴት ነው ነገሩ አንተ ሰዒድ? ያልዋሸሁት ሴትዮ ‹ዋሽቼ ነበር› ብዬ ልዋሽ ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«እና የዋሸ ሰው ነው የሚገባው።»

«ዋሽቼ ነበር ያለ ሰው ነው የሚገባው።»

«ባልልስ?»

ሰዒድ ወለል ወለሉን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አጎቱ ራሱ ሐጅ ሊሄድ ሲል በመሸጋገሪያ አውሮፕላን ማረፊያ «ትመለሳለህ?» ተብሎ «ኢንሻአላህ» በማለቱ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ነው። «ባይሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፍኖት ብቻዋን ትወልዳለች።»

መለማመድ ጀመሩ። ጠያቂው እንዳይሰማ ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ወይ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው።

«ይመለሳሉ?» ይላል ሰዒድ ድምፁን እንደ ጠያቂው አቀዝቅዞ።

«እመለሳለሁ። እግዜር...»

«እትዬ!»

«እሺ፣ እሺ። እንደገና ጠይቀኝ።»

«ይመለሳሉ?»

«እመለሳለሁ።» ብላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች፤ ቀሪው ቃል እንዳያመልጣት። ከብዙ ልፋት በኋላ ነው ሳትይዘው መናገር የቻለችው። ሰዒድ ደስ አለው።

«በቃ፣ አሁን ሆነ። ነገ ጠዋት ደግሞ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም ያለውን ያኔ ሰማው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሰዒድ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ግን ስትወጣ ኤልዳና መሳቋም አናደዳት። ሰውን በገዛ አፉ ቃል እንዲህ ሌባ ያደርጉታል?

ፍኖት የደወለችላት ቦርከና ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ሳለ ነው።

«እማዬ፣ አሁንማ መተኛትም አቃተኝ። በግራ ስተኛ ይራገጣል፣ በቀኝ ስተኛ ይራገጣል።»

«አይዞሽ የኔ እናት። ትራስ በጉልበቶችሽ መሐል አድርጊ።»

«ሥራ ቦታ አንዲት ሴትዮ አለችልሽ፣ ገላዋን የማጥባት። የመውለጃ ቀኔን ጠይቃኝ ነገርኳት። ‹እናትሽ ትመጣለች?› አለችኝ። ምን ልበላት?» ፍኖት ትንፋሿ ተቆረጠ፤ እያለቀሰች እንደሆነ ኤልዳና አወቀች። «እማዬ፣ በቃ ያሉሽን በያቸው። ግድ የለሽም። ለኔ ስትይ።»

«እሺ። እላቸዋለሁ። እመጣልሻለሁ።»

ፍኖት እናቷ እንዲህ ብላ፣ መጨረሻውን ሳትጨርስ ቃል ስትሰጥ ሰምታ አታውቅም። ኤልዳና ስልኩን ዘግታ ወንዙን እያየች ተቀመጠች። የፋብሪካ ቀለም ቦርከናን ያን ቀን ሐምራዊ አድርጎት ነበር። እናቷ ከመኪና ኋላ ስትሮጥ ታየቻት።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ በነጭ ከረጢት ታስሮ ካበቃ በኋላ ነው።

«ኤልዳና ሽመልስ፣ ማመልከቻዎ ለውሳኔ ቀርቧል። ይቀመጡ።»

እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ለማን እንደሆነ ባታውቅም ጸጉሯን አስተካከለች።

«ከዚህ በፊት የተከለከሉበትን ምክንያት ያስረዱ።»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለች። «ለመቅረት... ለመቅረት አስቤ ነበር። ተሳስቼ ነበር። አሁን ቤት አለኝ፣ ጡረታ አለኝ፣ ዕድሜም አለኝ።» አንደበቷ አልተሳሰረም። ሰዒድ ቢሰማ ይኮራባት ነበር። እሷ ግን አባቷ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

«ወደ አገርዎ ይመለሳሉ?»

«እመለሳለሁ።»

ውጭ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ከዚያ ያው ሁልጊዜ የሚናገርበት፣ ሙቀትም ብርድም የሌለው ድምፅ ውሳኔውን ተናገረ።

«አመልካቿ ጠያቂው በቤታቸው በቆየበት ጊዜ ሁሉ ስለሚመጣው ቀን ሲናገሩ የሚጨምሩት ቃል አላቸው። ገበያ እሄዳለሁ ሲሉ፣ ነገ ውሃ ይመጣል ሲሉ፣ ጎረቤታቸውን ቅዳሜ እንገናኝ ሲሉ ይጨምሩታል። በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አልጨመሩትም። ስለዚህ መልሱ የራሳቸው አለመሆኑ ታምኖበታል። በተጨማሪም ቀደም ሲል ለመቅረት አስበው እንደነበር በራሳቸው አንደበት አምነዋል። ማመልከቻው ተከልክሏል። የይግባኝ ጊዜ እስኪያልፍ ጠያቂው ባለበት ይቆያል፤ ማንሳት እንደ ሌላ ክልከላ ይቆጠራል።»

ኤልዳና ተነሳች።

«እግዜር ካለ ብል ከለከላችሁኝ። እግዜር ካለ ባልል ከለከላችሁኝ። ምን ብል ነው የምታስገቡኝ?»

«ጠያቂው ጥያቄ አይመልስም።»

«ሠላሳ ዓመት ሄጄ ተመልሻለሁ እኮ። ሠላሳ ዓመት።»

ጠያቂው ይኼንንም ሰማ።

ከክልከላው ይልቅ ያቃጠላት ውሸቱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ንጹሕ የነበረውን ስሟን በገዛ አፏ አቆሸሸችው፤ ለምንም። አሁን የትም ብትጠይቅ፣ «ለመቅረት አስባ ነበር» የሚለው የእሷ ቃል ሆኖ ይጠብቃታል። ቀድሞ የእነሱ ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን የእሷ ምስክርነት ሆነ። እንዲህ ያለ ግፍ ተፈጽሞባት፣ የምትከሰው ሰው እንኳ የለም።

ለፍኖት ስትነግራት ልጅቷ አላለቀሰችም። ኤልዳና የጠበቀችው ለቅሶ ነበር።

«እሺ እማዬ» አለች ፍኖት። «ዱቄቱን አስቀምጪው።»

«ልላክልሽ እንጂ ልጄ፣ ለአንቺ ነው እኮ።»

«አትላኪው። እርጥበት እንዳይነካው ብቻ ደህና ቦታ አስቀምጪው።»

ፍኖት ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልደወለችም። ኤልዳና ስትደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች፣ ትዘጋለች። ኤልዳና ልጇ የተቀየመቻት መሰላት። ደግሞስ ብትቀየም ምን ይገርማል?

ፍኖት ኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ የወረደችው በስምንተኛ ወሯ ነው። የደወለችው ከአዋሽ ስትነሳ ብቻ ነበር፤ «እማዬ፣ ከባቡር ተቀበይኝ» ብላ። ኤልዳና እናቶች በየሠርጉና በየለቅሶው የሚሮጡትን ሩጫ ሮጣ ጣቢያው ደረሰች። ያቺ የምታውቃት ባቡር ቆመች፤ በሩ ተከፈተ፤ ልጇ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ አንዲት ሻንጣ ይዛ ወረደች።

ኤልዳና አቅፋት ቆየች። ከዚያ ለቀቀቻትና ፊቷን አየቻት።

«እንዴት ለቀቁሽ?»

«መውጣትማ ማን ይከለክላል እማዬ። ሰው ሲወጣ ግን እነሱም ይጠይቃሉ። ነዋሪ ስለሆንኩ፣ ትመለሻለሽ ወይ አሉኝ።»

«እና ምን አልሽ?»

ፍኖት ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ደክሟታል፤ እግሯ አብጧል። ፊቷ ላይ ግን ኤልዳና የምታውቀው ነገር ነበር፤ የራሷ የኤልዳና ንዴት።

«እግዜር ካለ አልኳቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ ‹በኛ አገር ቃል ማለት ይኼ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም› አልኳቸው። ነዋሪነቴን እዚያው ሰረዙት።»

«አንቺ ልጅ! ያን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን?» ኤልዳና እጇን በራሷ ላይ ጫነች። «አዎ ብትያቸው ምን ነበረበት? እኔን ‹ያሉሽን በያቸው› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ስላልኩሽም ሳፍር ነው የከረምኩት።» ፍኖት ድምጿን አላነሳችም። «የእነሱን እናቶች እያጠብኩ ነው የኖርኩት እማዬ። የኔን እናት ግን በሩን እንኳ አላሳለፉም። እዚያ አገር እንዴት ተመልሼ እገባለሁ?»

ኤልዳና መቆጣት ፈለገች፤ አልቻለችም። መኩራትም ፈለገች፤ እሱም አልሆነላትም፤ የልጇ ዕድሜ ነው የተቃጠለው፣ በምን ይኮራል? ሻንጣውን አነሳችና «ነይ፣ እግርሽን ጨው ባለው ሙቅ ውሃ እናድርገው» አለቻት።

ፍኖት ሴት ልጅ ወለደች። ከጤና ጣቢያው እንደተመለሱ ጎረቤቶች ከበር ላይ እልል አሉ፤ ኤልዳና ግን ማንንም ሳታስገባ ቀጥታ ማዕድ ቤት ገባች። ነጩን ከረጢት ፈታች። ዱቄቱ ደህና ነበር። ውሃ ጣደች፣ ማማሰያውን አነሳች፣ ገንፎውን ማገንፋት ጀመረች። በሚቀጥለው ክፍል ሕፃኗ አለቀሰች።

ከግድግዳው ላይ ያ ድምፅ ተሰማ።

«አዲስ ድምፅ ተመዝግቧል። የተመላሽ ልጅ። የተመላሽ የልጅ ልጅ።»

ኤልዳና እጇ ቆመ።

«ይህ ሰው ከዚህ በፊት በየትኛውም አገር ድንበር ላይ ከመግባት ተከልክሎ ያውቃል?»

ለሷ ሲሆን ችላዋለች። ለፍኖትም ሲሆን እንደምንም ውጣዋለች። ይህቺ ግን እትብቷ እንኳ አልደረቀም።

«ገና አሁን መምጣቷ ነው» አለች።

«መልሱን መረዳት አልተቻለም። እባክዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

ማማሰያውን አስቀመጠች። ነጩን ክብ ነገር በጥፍሯ ፈልቅቃ ከግድግዳው አላቀቀችው፤ ከቀለሙም ቁራጭ ይዞ መጣ። «ማንሳት እንደ ሌላ ክልከላ ይቆጠራል» አለ እጇ ውስጥ ሆኖ። «ቁጠረው» አለችው። ግቢ አውጥታ ከቆሻሻው በርሜል ውስጥ ጣለችውና ክዳኑን ከደነችበት። ከክዳኑ ሥር መጠየቁን አላቆመም፤ እልል ሊሉ የመጡት ጎረቤቶች ሰሙት፣ ማንም አልመለሰለትም።

ገንፎው ሳይጓጉል ደረሰችበት። ቅቤውን መሐሉ ላይ አደረገችና ለፍኖት አቀረበችላት። ሕፃኗን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስተኛቻት፤ ሞቃት ነበረች፣ ራሷ ጠጅ እንደቀመሰ ሰው ራስ ወዲያ ወዲህ ይላል። ፍኖት ከገንፎው ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ነገ ጠዋት ፀሐይ አሞቅሻለሁ» አለቻት ኤልዳና ለሕፃኗ። ከዚያ ቃሏን ጨረሰችው። «እግዜር ካለ።»